ጋዝም ይፈሳል

አውቶቡሳችን ከሚሴ መግቢያ ላይ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ «ግማሽ ሰዓት ነው» አለ። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ግማሽ ሰዓት ማለት ምሳ ብሉ ማለት እንደሆነ ያውቃልና ተሳፋሪው ወደየምግብ ቤቱ ተበተነ። እኔ ውሃ ልገዛ ወደ አንድ ጠባብ ሱቅ አመራሁ። ገና ደፉን ስረግጥ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ገባ። ጋዝ ነው። ነጭ ጋዝ፣ የኩራዝ ጋዝ፣ አንዳንዱ ላምባ የሚለው። ውስጥ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ በርሜል ላይ ጎንበስ ብላለች፤ በጣሳ እየቀዳች በቆርቆሮ ማፍሰሻ የአንድ ሽማግሌ ጠርሙስ ትሞላለች። ጠብታ አታባክንም። ውሃውን ሳልጠይቅ ወጥቼ በሩ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የታወሰኝ ሰው አይደለም፤ አንድ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ጠርሙስ ጋዝ ተደርድሯል። የደረደርኩት እኔ ነኝ።

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሁለት ሆነው ከተቀመጡ ሦስተኛው ዱሮ ነው። ዱሮ ቅቤው ቅቤ ነበር፤ ዱሮ ዝናቡ በቀጠሮው ይመጣ ነበር፤ ዱሮ መምህር ይከበር ነበር። ስለ ቅቤው አልከራከርም። ስለ መምህሩ ግን ከእኔ በላይ ምስክር አይገኝም፤ ከተከበሩት አንዱ ነበርኩና። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ከአህያቸው የሚወርዱ ሽማግሌዎች ነበሩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ክብር ምን እንዳደረግኩበት ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ዱሮን የሚያመሰግን ያመስግን።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጥቂት ወራት የማስተማር ዘዴ የሚባል ነገር ሰምቼ፣ አንድ ደብዳቤና አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ይዤ ትሬንታ ኳትሮ ከሚባል የጭነት መኪና ላይ ከሚሴ ወረድኩ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ እንዲህ ያለ ሙቀት አላውቅም። ካኪ ሱሪዬን ፍራሽ ሥር እያስተኛሁ መስመሩን አሹለው ነበር። ነጭ የቴትረን ሸሚዝ ነበረኝ፤ አንድ ብቻ። ቴትረን በዚያ ሙቀት መልበስ ላስቲክ ከመልበስ አይሻልም፤ ላቡ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ግን ቴትረን የለበሰ ሰው የመንግሥት ሰው መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ስለዚህ ላቡን ቻልኩት። አስፋልቱ ዳር፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ብስኩት በአምስት ሳንቲም፣ ወሬ በነጻ። ባለቤቱ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው። ክራር ያለበት ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ይጨምራል፤ ዜና ሲመጣ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሰው ምን መስማት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ዛሬ ሻይ ቤቱ ባለበት ቦታ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሳጥን ቆሟል፤ ዘፈኑም ዜናውም እኩል ይጮኻል።

የገበያ ቀን ከተማው ይሞላል። ከጨፋ ማሽላና ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ በባቲ በኩል የመጣ ጨው፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር የተነዱ ከብቶች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ተሻግሮ በአረብኛ ይምላል። «ስንት ነው ያልከኝ? ሂርኢሲ፣ ወላሂ የለኝም» ይላል አንዱ፤ ሂርኢሲ ቀንስ ማለት ነው። ይህችን ቃል ያወቅኳት ሸቀጥ ስለምገዛ ብቻ ነው። በዚያ ከተማ ሁለት ዓመት ኖሬ ከሰላምታና ከዋጋ ያለፈ ኦሮምኛ አልተማርኩም። እንዳስተምር እንጂ እንድማር አልተላክሁም እል ነበር። ይህን አባባል ያኔ ብልህ ነገር መስሎኝ ሻይ ቤት ውስጥ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ሁለት የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ዳይሬክተሩ የአራተኛ ክፍልን የሳይንስ ትምህርት ለእኔ ሰጠኝ። ሌሎቹ አስተማሪዎች አንፈልግም ስላሉ ነው፤ እኔ ግን ስለ ችሎታዬ መሰለኝ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነበር፤ ልባሱ የለም፤ የመጀመሪያ ገጾቹን አይጥ በልታቸዋለች። እሑድ እሑድ ተቀምጬ ወደ አማርኛ እገለብጣለሁ፤ ሰኞ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የማስተምረው የገባኝን አልነበረም፤ የገለበጥኩትን ነበር። «ማንኛውም ነገር ቦታ ይይዛል፤ ክብደትም አለው። ነገር በሦስት ሁኔታ ይገኛል፦ ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ።» ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አማርኛ ነበረኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። መጽሐፉ «ጋዝ» ነው የሚለው፤ ጋዝ ደግሞ ቤቴ አለ፣ ፋኖሴ ውስጥ አለ፣ ገበያው ላይ በጠርሙስ ይሸጣል። የፈረንጅ ቃል እንዲህ አማርኛ ሆኖ ደጄ ድረስ መጥቶ ሲጠብቀኝ ምን ልጠራጠር? ዛሬ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሦስተኛው እንደ አየር፣ እንደ እንፋሎት ያለው ማለት እንደሆነ ይነግራችኋል። መጽሐፉም ከሥር ምሳሌ ነበረው። ምሳሌ የሚያስፈልገው ላልገባው ነው ብዬ ዘለልኩት።

ክፍሉ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩ። መዲና ትባላለች። አባቷ ጋሽ ሙሄ ጋዝ ሻጭ ነው፤ በርሜሉን ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና እያስመጣ በከሚሴና በጨፋ ሮቢት ገበያ በጠርሙስና በጣሳ ይቸረችራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ ሁልጊዜ ጋዝ ጋዝ የሚሸት፣ ለሶላት ሲነሳ ከሰው ሁሉ ይበልጥ የሚታጠብ ሰው ነበር። ሴት ልጁን ትምህርት ቤት በማስገባቱ ያልተናገረው ሰው አልነበረም። ለባቲ ሰው ታጭታ ነበር አሉ፤ እሱ ግን ያስመዘገባት ዕለት ፊቴ እንዲህ አለ፦ «አንድ ዓመት እንየው ብያቸዋለሁ፣ መምህር። ካወቀች ትቀጥላለች። ካሳፈረችኝ ግን አፌን ይዘጉኛል፤ ያኔ ወደ ባቲ ነው።» በዳይሬክተሩ ፊት፣ በእኔም ፊት ነው ይህን ያለው። ስለዚህ አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

መዲና እጇን አታወጣም። ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ሳትጠየቅ ከጎኗ ካለው ልጅ ጋር በኦሮምኛ ታንሾካሹካለች። አንድ ሰኞ ስለ ጉልበት አስተማርኩ። ማገዶ ውስጥ ጉልበት አለ፣ እህል ውስጥ ጉልበት አለ፣ ጋዝ ውስጥ ጉልበት አለ፤ ሲነድ ሙቀትና ብርሃን ይሆናል፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም አልኳቸው። ይህ እንኳ እውነት ነበር፤ በስህተት እውነት የተናገርኩበት ሳምንት ነው። በሳምንቱ ገበያ ላይ ጋሽ ሙሄ ከሰው መሃል ጠራኝ።

«መምህር፣ ና እስቲ። ይቺ ልጅ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለች?»

«‹አባዬ፣ አንተኮ የምትሸጠው ብርሃን ነው› አለችኝ። ሃያ ዓመት ስነግድ የሚገማ ነገር ሻጭ ነው ሲሉኝ ነው የኖርኩት።» ወደ ጎረቤቶቹ ዞሮ «ሰማችሁ? ብርሃን ነው» አለ።

«ብርሃኑን ትንሽ ቀንስልኝ» አለው ከጎኑ ያለው ጨው ሻጭ፤ ሰዉ ሳቀ፤ ጋሽ ሙሄም ሳቀ። ከዚያ አንድ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ወትፎ ሰጠኝ። ልከፍል ኪሴን ስዳብስ እጄን ያዘኝ። «ለትምህርቱ ነው» አለኝ።

ለትምህርቱ አዋልኩት። ጠረጴዛው ላይ በስተቀኝ የቆመው ጠርሙስ እሱ ነው።

ሦስቱን ሁኔታዎች ያስተማርኩ ቀን የማስተማር ዘዴ የሚባለውን ነገር በሙሉ ልቤ ተግብሬአለሁ፤ «በሚታይ ነገር አስተምሩ» ተብለን ነበርና። ድንጋዩን ከቦርከና ዳር አንስቼ፣ ውሃውን ከእንስራ ቀድቼ፣ ጋዙን ከፋኖሴ አትርፌ አቀረብኩ። ድንጋዩን አንስቼ «ይህ ጠጣር» አልኩ። ብርጭቆውን አዘንብዬ ትንሽ ውሃ ወለሉ ላይ አፈሰስኩና «ይህ ይፈሳል፤ ስለዚህ ፈሳሽ» አልኩ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ «ይህ ደግሞ ጋዝ» አልኩ። አርባው ልጅ «ጋዝ» ብሎ ተቀበለኝ። ከመሃል አንድ ሹክሹክታ ተሰማ፤ ሳቅም ተከተለው።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አልኩ።

መዲና ተነሳች። «ምንም፣ ጋሼ።»

ከጎኗ ያለው ልጅ «‹ጋዚን ኒ ያኣ› ነው ያለች፣ ጋሼ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ጋዝም ይፈሳል ማለት ነው።»

ልጅቷ ልትሰድበኝ አልነበረም፤ የጠራሁትን ቃል ነው የተከተለችው። የሚፈስ ፈሳሽ ከተባለ ጋዝም ይፈሳል፤ በቀን ሃያ ጊዜ በገዛ እጇ ታፈሰዋለች። ይህ ሁሉ በዚያች ቅጽበት በጆሮዬ ገብቷል። አንድ ነገር ትክክል አለመሆኑን ከማወቄ በፊት አፍሬያለሁ፤ ከማፈሬ በፊት ደግሞ ተቆጥቻለሁ።

«እንግዲህ አንቺ አስተምሪና» አልኳት። «ጋዝ ፈሳሽ ከሆነ ሦስተኛው የታለ?»

ፈርታ ዝም ትላለች ብዬ ነው። እሷ ግን ጠርሙሱን እያየች አሰበች፤ የተጠየቀች መስሏት ነበር። «ፈሳሹ እሱ ነው፣ ጋሼ። ሽታው ነው የማይያዝ። ጠርሙሱን ብንወትፈውም ሽታው ቤቱን ይሞላል። ሽታው ይሆን እንዴ ሦስተኛው?»

የልጆቹን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ሽታ ነገር ነው ማለት አስቂኝ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከደጅ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አንበረከክኋት። እስከ ደወሉ ድረስ።

በሳምንቱ መጨረሻ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ልገለብጥ ስገልጥ ዓይኔ የዘለልኩት ምሳሌ ላይ ወደቀ። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ አንድ ቃል አነበብኩት። ድስት አለበት፣ እንፋሎት አለበት፣ አየር አለበት። መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ፣ እኔ የፈጠርኩት በሆነ ደስ ባለኝ ነበር፣ ክዳኑ ስለ ተከፈተ የሽቶ ጠርሙስ ይናገራል፤ ሽታው ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ የሚደርሰው ፈሳሹ ወደ ሦስተኛው ሁኔታ ስለሚለወጥ ነው ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሰኞ አስተካክላለሁ አልኩ። ሰኞ ስለ ማግኔት አስተማርኩ። ማግኔት ደስ ይላል፤ ልጆቹ ሚስማር እያመጡ ሲጫወቱ ሳምንቱ አለፈ። ያለማስተካከል ሐሳብ ኖሮኝ አይደለም። የሚያስተካክል ሰው በመጀመሪያ ተሳስቼ ነበር ማለት አለበት፤ ከዚያ ደግሞ የተንበረከከችውን ልጅ ስም መጥራት አለበት። የቴትረን ሸሚዝ የለበሰ ሰው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልተማረም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ኢንስፔክተር መጣ። እኔ በሙከራ ላይ ነበርኩ፤ ቋሚ መሆኔና ወደ ቤተሰቤ ወደ ደሴ መዛወሬ በእሱ ሪፖርት ነው የሚወሰን። መነጽር ያደረገ፣ ሙሉ ልብስ በዚያ ሙቀት የለበሰ፣ እንደኔ የሚያልበው ሰው ነበር። ከኋላ ተቀምጦ አዳመጠና በመጨረሻ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ።

«ነገር በስንት ሁኔታ ይገኛል?»

«በሦስት» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ለጋዝ ምሳሌ የሚሰጠኝ?»

እጅ አልወጣም። ልጆች አደገኛ ጥያቄን ያውቃሉ። ኢንስፔክተሩ ዓይኑን አዙሮ አዙሮ ብቸኛዋ ሴት ላይ አሳረፈው። «አንቺ።»

መዲና ተነሳች። መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ እኔ ያስተማርኳትን፣ ተንበርክካ የተማረችውን ነገር ተናገረች።

«የኩራዝ ጋዝ፣ ጋሼ።»

«የኩራዝ ጋዝ?» መነጽሩን አወለቀ። «እሱ ፈሳሽ አይደለም ወይ? ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

ወደ እኔ ዞረች። ልትከሰኝ አልነበረም። ዓይኗ ላይ የነበረውን ስንት ዓመት አሰብኩበት፤ ተራው የኔ እንደሆነ ነበር የምታየኝ። መልሱን የማውቅ እኔ ስለሆንኩ እኔን ትጠብቅ ነበር።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አልኩ። «ሐሳቧ ሱቅ ነው። የጋዝ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ለሷ ነገር ሁሉ ጋዝ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ተከተለ። ከዚያ ልጆቹ፣ ፈቃድ ስላገኙ፣ ሳቁ። አርባው ልጅ ምን እንዳስተማርኩ ያውቃል፤ አርባውም ሳቀ። መዲና ተቀመጪ ሳትባል ተቀመጠች። ኢንስፔክተሩ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ቀልድ ታውቃለህ» አለኝ። ሪፖርቱ ጥሩ ነበር።

በማግሥቱ ስሟ ላምባ ሆነ። በሳምንቱ «ላምባ» የሚለው ስም ከግቢው ወጥቶ ገበያ ደረሰ። «ልጅህ መንግሥት ፊት ወደቀች አሉ» ተባለ ጋሽ ሙሄ፤ ያ ብርሃኑን ቀንስልኝ ያለው ጨው ሻጭ ራሱ ነው አሉ ያለው። ይህ በተባለ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሙሄ ትምህርት ቤት መጣ። ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ ነበር። የዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆሞ እኔን ብቻ ነው ያናገረ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ልጄ ‹መምህር እንዲህ ብሎ ነው ያስተማረን› ትላለች። ዋሽታለች?»

ዳይሬክተሩ ወረቀት ያገላብጣል። ጆሮው ግን እኛ ጋ ነው።

«አልዋሸችም፣ ጋሽ ሙሄ» አልኩ። «ተሳስታ ነው። በደንብ አልሰማችኝም ይሆናል።»

መሬት መሬቱን አየ። ሊከራከረኝ ይችል ነበር፤ ጋዝ ይፈስ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ አውራጃ አልነበረም። ግን ያን ጊዜ መምህር ይከበር ነበር።

«መምህር ካለ» አለ፣ «እንግዲህ ተሳስታ ነው።» ልጁን ከክፍል ጠርቶ፣ ደብተሯን ራሱ ይዞላት ሄደ። ዓመቱ ሳያልቅ ባቲ ተዳረች ሲባል ሰማሁ። እኔም ቋሚ ሆንኩ፤ ደሴ ተዛወርኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ሰው የሚያነበው ለማወቅ ነው ይባላል፤ እኔ ለመደበቅ ጭምር ነው ያነበብኩት። የሌሎችን ስህተት እየለቀምኩ መጻፍ ልማዴ ሆነ፤ የቃል አጠቃቀማቸውን፣ የትርጉም ግድፈታቸውን፣ ያልገባቸውን መጽሐፍ እንደገባቸው አድርገው መጥቀሳቸውን። አንባቢዎች ርኅራኄ የለውም ይሉኛል፤ አንዳንዶቹ ለሙገሳ ነው የሚሉት። ይህን የከሚሴ ታሪክ ደግሞ ለወዳጆቼ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። በእኔ አወራር ግን መምህሩ እኔ አልነበርኩም፤ «አንድ የማውቀው ሰው» ነበር። አንዳንዴም፣ ጨዋታው ሞቅ ካለ፣ ጋዝን በጠርሙስ ያመጣው መምህር ቀርቶ «ለጋዝ ምሳሌ ስጪ ስትባል የኩራዝ ጋዝ ያለች የነጋዴ ልጅ» ብቻ ትቀራለች። እንዲያ ሲሆን የበለጠ ያስቃል።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሴትዮዋ ሽማግሌውን ሸኝታ ወደ በሩ ወጣች። እጇን በጨርቅ እየጠረገች «ጋሼ፣ ፀሐይ ላይ ነዎት እኮ፤ ግቡ ጥላው ውስጥ» አለችኝ። ከዚያ ቆም አለች። አተኩራ አየችኝና በጨርቁ አፏን ሸፈነች።

«ቴትረን አይደሉም?»

ለካ ለእኔም ስም ነበረኝ።

«አካም ጂርተን፣ መምህር?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ አፏን ገልጣ። ሳቅ ነበረበት። «አይቀየሙኝ። ልጆች ሆነን እንዲያ ነበር የምንልዎት። ሸሚዝዎ ጀርባዎ ላይ ይጣበቅ ነበር።»

ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ባሏ ባቲ መሞቱን፣ አባቷ ከመሞቱ በፊት ተመልሳ ሱቁን መረከቧን፣ አምስት ልጆች ማስተማሯን በአጭሩ ነገረችኝ። «ሁሉንም አስጨርሻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ በበኩሌ አርባ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ።

«መዲና፣ ያን ቀን...»

«የትኛውን ቀን?»

«ኢንስፔክተሩ የመጣ ቀን።»

«እሱን ቀን እንኳ ብዙም አልያዝኩት። ሰው ለእንጀራው ብሎ ይዋሻል፤ ነጋዴ አይደለሁ?» የጣሳውን ጆሮ ታሻሻለች። «እኔ የያዝኩት የፊተኛውን ቀን ነው። ጠጠሩን። ከዚያ በኋላ እስክዳር ድረስ ጋዝ በቀዳሁ ቁጥር አየው ነበር። ይፈሳል። ግን ምናልባት እንዲህ ያለውን መፍሰስ አይሉት ይሆናል እላለሁ። ዓይኔ ይሆናል እላለሁ። አንድ ቀን ‹አባዬ፣ ይኼ ይፈሳል?› አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እሱም ሲቀዳ ያየው ጀመር።»

ከአስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና አልፎ በርሜሉ ተንቀጠቀጠ። እሷ ክዳኑን አስተካክላ ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ መምህር። ልጆቼን እጠይቃለሁ እያልኩ እያፈርኩ ቀረሁ። ሦስተኛው ምን ነበር?»

«አየር ነው» አልኩ። «እንፋሎት ነው። የተጣደ ድስት ክዳን የሚያነሳው።» ትጠብቀኛለች፤ እንደዚያን ቀን። «እዚህ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሽታው ነው። ጋዙ ፈሳሽ ነው። ከጠርሙሱ ወጥቶ አፍንጫችን የሚደርሰው፣ የማይያዘው፣ እሱ ነው ሦስተኛው።»

«እሱንማ ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ብለሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አንበረከኩኝ?»

«አላውቅም ነበር።»

«ኋላስ?»

«ኋላ አወቅኩ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ መስፈሪያው ሞልቶ እንደሆነ አይቶ እንደሚያረጋግጥ ሰው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ አላልኩም አላለችም። እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል አላወጣሁም፤ ለአምስት ልጆች እናት በዚያ ዕድሜዋ ሌላ ሸክም መስጠት መሰለኝ፤ ወይም አሁንም ያው ሰው ነኝ። የአውቶቡሱ ጡሩንባ ተሰማ።

«ምን ነበር የፈለጉት?» አለች በነጋዴ ድምፅ።

ውሃ ልል አፌን ከፍቼ «አንድ ጠርሙስ ጋዝ» አልኩ። አዲስ አበባ ያለው ቤቴ ኩራዝ የለውም፤ ምድጃዬም የኤሌክትሪክ ነው። ባዶ ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ማፍሰሻውን አፉ ላይ ተክላ ቀዳችልኝ። ሁለታችንም ሲፈስ አየን። በጨርቅ ወትፋ ሰጠችኝ፤ ዋጋውን ተቀበለች፤ እንደ አባቷ እጄን አልያዘችም።

ተሳፈርኩ። ጠርሙሱን እግሬ ሥር አስቀምጬ በጋዜጣ ሸፈንኩት። ከከሚሴ ብዙም ሳንርቅ ሽታው መኪናውን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላው፤ መጽሐፉ እንዳለው፣ እሷም እንዳለችው። አንዲት ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። አንዱ መስኮት ከፈተ። ከፊቴ ቢጫ ጀሪካን ታቅፋ የተቀመጠች ልጅ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ጣለ፤ እሷም ጀሪካኑን ከፍታ ውሃ መሆኑን ልታሳይ ትንደፋደፍ ጀመር። ረዳቱ ከኋላ እየመጣ «ጋዝ የያዘው ማነው?» አለ።

እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ይኸው ነው። ምንም አልሆንኩም። ረዳቱ «እርሶ ደግሞ፣ ሽማግሌ ሰው» ብሎ አጉረመረመ፤ ጠርሙሱንም ወስዶ ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጠው። ሁለት ቃል ብቻ ናት። ቀላል ነበረች። ያኔም ይህን ያህል ቀላል ነበረች።